ዴስኩን ከወለል የነቀለችው ሴት

ሞንቴሶሪ የሚለውን ቃል ሳታዩት አትቀሩም። በየከተማው ኬጂ በር ላይ፣ ከፊደልና ከአሻንጉሊት ሥዕል ጎን ተጽፎ ይገኛል። ብዙዎቻችን የትምህርት ቤት ዓይነት ነው ብለን እናልፈዋለን። ነውም። ግን መጀመሪያ የሰው ስም ነበር፤ ከሞተች ሰባ ዓመት ያለፋት የአንዲት ጣሊያናዊት ሐኪም ስም። ሕፃን ልጅ ራሱ አንስቶ የሚወስዳት ትንሽዬ ወንበር በትምህርት ቤት ቦታ እንድታገኝ ከማንም በላይ የታገለችው እሷ ናት። (ዓ.ም. ከተባለበት በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማሪያ ሞንቴሶሪ ኦገስት 31 ቀን 1870 ኪያራቫሌ በምትባል ትንሽ የጣሊያን ከተማ ተወለደች። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ ሮም ገባ። በዚያ ዘመን ለተማረች ሴት የሚታሰብላት ሥራ አስተማሪነት ነበር። እሷ ግን አስተማሪ አልሆንም አለች። መጀመሪያ መሐንዲስነት አማራትና ወንዶች በሚማሩበት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባች፤ ቀጥሎ ሐሳቧን ቀይራ ሕክምና ካልተማርኩ አለች።

ገባችም። ግን ምን ዓይነት አገባብ መሰላችሁ? ሴት ከወንዶች ጋር ሆና ራቁት አስከሬን ማየቷ ነውር ነው ተባለ። ስለዚህ ሌሎቹ ጨርሰው ከሄዱ በኋላ፣ ብቻዋን፣ ከሬሳው ጋር ትማር ነበር። ሽታው ሲያስቸግራት ሲጋራ ታጨስ ነበር ይባላል። በ1896 ዶክተር ሆነች። በየቦታው የጣሊያን የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም ተብሎ ይጻፋል፤ ከሷ በፊት የተመረቁ ጥቂት ሴቶች ስለነበሩ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ማለት ይሻላል።

በሮም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስትሠራ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ከአእምሮ ሕሙማን ጋር ባዶ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው አየች። የሚነኩት፣ የሚይዙት፣ የሚያገላብጡት ነገር የለም። ከሷ በፊት የነበሩትን ኢታርና ሴጋን የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች ሥራ አንብባ በእጅ የሚያዙ መማሪያዎች ሠርታ አስተማረቻቸው። ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ከጤነኛ ተማሪዎች እኩል ተፈትነው አለፉ። ሰው ሁሉ ተደነቀ። እሷን ያሳሰባት ሌላ ነገር ነው፦ እነዚህ እዚህ ከደረሱ፣ ጤነኞቹን ልጆች ትምህርት ቤቱ ምን አድርጓቸው ነው እዚያው የቀሩት?

በዚህ መሃል የግል ሕይወቷ ከባድ ነበር። በ1898 ከሥራ ባልደረባዋ ከዶክተር ጁሴፔ ሞንቴሳኖ ማሪዮ የሚባል ወንድ ልጅ ወለደች። አልተጋቡም። ሳያገቡ መውለድ ሥራዋን ሁሉ የሚያሳጣት ነገር ስለነበር ልጁ ገጠር ላለ ቤተሰብ ተሰጠ። እየሄደች ታየዋለች፤ እናቱ መሆኗን ግን አትነግረውም። የዓለምን ልጆች ያሳደገች የምትባለው ሴት የራሷን ልጅ ማሳደግ አልቻለችም።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ሳን ሎሬንዞ የሮም ድሃ ሠራተኞች ሰፈር ነበር። አንድ የቤት ካምፓኒ ሕንፃዎቹን አድሶ ሲያከራይ፣ እናትና አባት ሥራ ሲውሉ ልጆቹ ግድግዳውንና ደረጃውን እያበላሹ አስቸገሩ። ልጆቹን ሰብስቦ የሚይዝ ሰው ተፈለገና ማሪያ ተጠራች። ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 በማርሲ መንገድ ቁጥር 58 የልጆች ቤት ተከፈተ። ሃምሳ ያህል ልጆች፣ አንድ ክፍል። ጠባቂያቸው የሠለጠነች አስተማሪ ሳትሆን የሕንፃው ዘበኛ ልጅ ነበረች።

ካምፓኒው ገንዘቡን የመደበው እንደ ቢሮ ወጪ ስለነበር የተለመደው የትምህርት ቤት ዴስክ አልተገዛም። ይሄ አጋጣሚ ለማሪያ በር ከፈተላት።

የዚያን ጊዜ ዴስክ ምን ይመስል ነበር? እኛ በደንብ እናውቀዋለን። መቀመጫውና መጻፊያው አንድ ላይ የተያያዘ፣ ከባድ። ሀብሩ ውስጥ፣ ግራናም ሆነ መርሳ፣ የተማረ ሰው ሦስት ሆኖ መቀመጥን ያስታውሳል፤ መሃል ያለው ልጅ ሊወጣ ሲል ዳር ያለው ካልተነሳለት አይወጣም። የአውሮፓው ደግሞ ወለሉ ላይ ይመታ ነበር። ሳይንቲስቶች ተሰብስበው የልጁን ቁመት፣ የእግሩን ርዝመት፣ ከመቀመጫ እስከ መጻፊያ ያለውን ርቀት ለክተው ልጁ ዞር እንዳይል፣ እንዳይቆም አድርገው ሠሩት። ምክንያታቸው የጀርባ አጥንት እንዳይጣመም ነው።

ማሪያ ሐኪም ናትና ይሄ አላሳመናትም። ጤነኛ የተወለደ ልጅ ጀርባው የሚጣመመው ለሰዓታት እንዳይነቃነቅ ስለተደረገ ከሆነ፣ መፍትሔው የተሻለ ማሰሪያ መሥራት ነው ወይ? በ1909 ባሳተመችው የመጀመሪያ የትምህርት መጽሐፏ አንድ ነገር ታወራለች። አንዲት ሴት፣ ሳይንስ ወዳጅ ናት ብላ አስባ፣ ለተማሪዎች የሚታጠቅ የጀርባ መደገፊያ ፈልስፋ በኩራት አሳየቻት። ዴስኩ የጀመረውን ይሄ ይጨርሰዋል ብላ። ማሪያ ለዚህ የሰጠችው መልስ ዴስኩን ራሱን ማስወጣት ሆነ።

በምትኩ ያሠራችው ነገር ሲታይ ቀላል ነው። እግሮቹ ወደ ውጭ ከፈት ያሉ ጠረጴዛዎች፤ የማይነቃነቁ፣ ግን ሁለት የአራት ዓመት ልጆች ተሸክመው የሚያዞሯቸው። ትንንሽ ወንበሮች፤ መጀመሪያ መቀመጫቸው በቀጭን ቃጫ መሳይ ነገር የተሠራ ነበር፣ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅባት ሙሉ በሙሉ እንጨት አደረገችው። የሦስት ዓመት ልጅ የሚደርስበት የእጅ መታጠቢያ። ዝቅ ያለ ጥቁር ሰሌዳ። ረጅምና ዝቅ ያለ ቁምሳጥን። የቁምሳጥኑ ነገር ታሪክ አለው፦ መጀመሪያ ላይ መማሪያዎቹ ተቆልፈው ነበር የሚቀመጡት። አንድ ቀን ሳይቆለፍ ቀረና ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው፣ እያንዳንዱ የፈለገውን ይዞ ሥራ ጀመረ። አስተማሪዋ እንደ ሌብነት አየችው። ማሪያ ግን ልጆቹ ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ ማለት ነው አለችና ከዚያ በኋላ ዕቃው በክፍት መደርደሪያ ሆነ።

ጫጫታ ይሆናል፣ ወንበር ይገለባበጣል ያሏት ነበሩ። መልሷን በጣም ነው የምወደው። የሚወድቅ ወንበር ያስተምራል ባይ ነች። ልጁ ሲያልፍ ወንበሩን ከጣለው አካሄዱ ገና እንዳልተስተካከለ ድምፁ ራሱ ይነግረዋል፤ ነገ ተጠንቅቆ ያልፋል። ወለል ላይ የተመታው ዴስክ ግን አይወድቅም፤ ስለዚህ ልጁ ምንም ሳይማር ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። ትልልቆቹ ዝም ያለ ልጅን ጨዋ ልጅ ይሉታል፤ እሷ ዝም ማለትና ራስን መግዛት ይለያያሉ ትላለች።

እዚህ ላይ የሚነሳ ክርክር አለ፤ እኛ ጋ ክፍሉ ጢም ብሎ በሚሞላበት፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት በወደመበት ሰሜን ወሎ፣ ዴስክ መገኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እውነት ነው፤ መሬት ላይ ከመቀመጥ ሦስት ሆኖ መቀመጥ ይሻላል። ግን የሳን ሎሬንዞ ልጆችም የሀብታም ልጆች አልነበሩም። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነገርም አልነበረም፤ አናጢ በእንጨት የሚሠራው ነው። በየሰፈሩ ገንዘብ አዋጥተን ለትምህርት ቤት ዴስክ ስናሠራ ቢያንስ የኬጂውን ከስምንተኛ ክፍሉ በተለየ ልክ ማሠራት እንችላለን። እንጨቱም ያንሳል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ዝናዋ ቶሎ ተስፋፋ። እናቷ በ1912 መጨረሻ ስትሞት ማሪያ ማሪዮን ወደ ራሷ አመጣችው፤ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ለሰው ግን የወንድም ልጅ ነው፣ የማሳድገው ልጅ ነው እያለች ነበር የምታስተዋውቀው። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ግድግዳው መስታወት የሆነ ክፍል ተሠራ። ሕዝቡ ውጭ ቆሞ ያያል፣ ልጆቹ ውስጥ በትንንሽ ጠረጴዛቸው ሥራቸውን ይሠራሉ።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ለእኛ ለወሎ ሰዎች በቀላሉ የሚዋጥ አይደለም። ሙሶሎኒ ሥልጣን ሲይዝ ዘዴዋን ወደደው፤ ከ1924 ጀምሮ መንግሥቱ ትምህርት ቤቶቿን ደገፈ፣ እሷም ድጋፉን ተቀበለች። ለልጅ ነፃነት የቆመች ሴት ከፋሺስት ጋር አሥር ዓመት ያህል መሥራቷን ዛሬም የሚወቅሷት አሉ፤ ተገቢ ወቀሳ ይመስለኛል። መንግሥቱ በትምህርት ቤቶቿ ውስጥ እጁን እያስገባ ሲሄድ ግን መስማማት አልቻሉም። በጣሊያን የነበሩት ትምህርት ቤቶቿ ተዘጉ፣ እሷም በ1934 አገሯን ለቀቀች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 1935፣ ያው መንግሥት ደሴን በአውሮፕላን ደበደበ።

ስደቱም አልለቀቃትም። ባርሴሎና ነበረች፤ በ1936 እዚያ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሳ። ኔዘርላንድስ ገባች። በ1939 አስተማሪዎች ለማሠልጠን ከማሪዮ ጋር ሕንድ ሄደች፣ ማድራስ አጠገብ አዲያር ወደሚባል ቦታ። በዓመቱ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመች። ሕንድ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ናትና እናትና ልጅ የጠላት አገር ዜጎች ሆኑ። ማሪዮ ታሰረ፤ እሷ ከግቢ እንዳትወጣ ተደረገች።

በ1940 ሰባኛ ዓመቷን ስትይዝ የእንግሊዝ እንደራሴ የልደት ስጦታ አድርጎ ማሪዮን ፈትቶ ላከላት። በላከው ቴሌግራም ላይ ማሪዮ ልጇ ተብሎ ነበር የተጻፈው። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ በይፋ ያልተባለው ነገር በመንግሥት ወረቀት ተባለ።

ሕንድ ውስጥ እስከ 1946 ቆይታ ከአንድ ሺህ በላይ አስተማሪዎች አሠለጠነች። በ1949፣ በ1950 እና በ1951 ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጭታ ነበር፤ አላገኘችም። ሜይ 6 ቀን 1952 በኔዘርላንድስ የባሕር ዳርቻ ከተማ ኖርድቬክ አረፈች፤ የተቀበረችውም እዚያው ነው። ጣሊያን በኋላ ምስሏን በአንድ ሺህ ሊሬ ብር ላይ አተመችው። ማሪዮ ደግሞ እሷ በ1929 ያቋቋመችውን ዓለም አቀፍ ማኅበር ይዞ፣ በ1982 እስኪሞት ድረስ ሥራዋን ሲሠራ ኖረ።