ዓሣ ሻጩ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ

በ2012 አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ግቢ ውስጥ የክዋሜ ንክሩማህ ሐውልት ሲቆም በአገራችን ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የጃንሆይ ሐውልት ለምን ተረሳ የሚለው ሙግት ጋዜጣውንም የታክሲውንም ወሬ ሞልቶት ሰነበተ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት እዚያው ግቢ የቆመው በ2019 ነው። ሐውልት ግን አንድ ችግር አለበት። ሰውየውን ሁልጊዜ ጎልማሳ፣ ሁልጊዜ ባለሥልጣን አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይሄው ሰው ተማሪ ሳለ በኒውዮርክ መንገድ ዳር ዓሣ ይቸረችር እንደነበር፣ ማደሪያ አጥቶ ባቡር ውስጥ ያድር እንደነበር ሐውልቱ አይነግረንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኛን ዲፓርትመንት ልጆች የሚመለከት ነገር አለ፤ ንክሩማህ ጋዜጠኝነት መማር ፈልጎ፣ የሚከፍለው ስላጣ ብቻ ነው የቀረው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በተማሪነቱ ዘመን ደግሞ አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው። ያኔ ማንም አንቱ ያለው ስለሌለ ድፍረት አይሁንብኝ።

የተወለደው በ1909 በዛሬዋ ጋና ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ንክሮፉል በምትባል መንደር ነው። አባቱ ወርቅ አንጥረኛ ነበር፤ እናቱ ኒያኒባ ቸርቻሪ ነጋዴ ስትሆን ለእሷ ያለው ልጅ እሱ ብቻ ነው። የልጅነት ስሙ ፍራንሲስ ነበር። ገና ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የትምህርት ቤት ክፍያ ጉዳይ ያስጨንቀው ስለነበር አንድ ጀርመናዊ የካቶሊክ ቄስ ከክፍያው ይረዱት ነበር። ከዚያ አክራ በሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ በ1930 ጨረሰና ለጥቂት ዓመታት በየከተማው እየተዘዋወረ አስተማረ። አሜሪካ የመሄድን ሐሳብ በልቡ የዘሩበት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የማሠልጠኛው መምህር የነበሩትና አሜሪካ ተምረው የመጡት ክዌጊር አግሬይ ናቸው፤ እሳቸው በ1927 ሞቱ። ሁለተኛው ናይጄሪያዊው ናምዲ አዚኪዌ ነው። አዚኪዌ ያን ጊዜ አክራ ውስጥ አፍሪካን ሞርኒንግ ፖስት የሚባል ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። ወጣቱ አስተማሪ ጋዜጣውን ያነብባል፣ አዘጋጁ የተማረው ፔንሲልቬንያ በሚገኘው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ መሆኑን ይሰማል፣ እሱም ለዚያው ለሊንከን ማመልከቻ ይልካል። ጋዜጣ ሰውን የት ድረስ እንደሚወስድ ልብ በሉልኝ።

ሊንከን በ1854 የተመሠረተና ለጥቁሮች ዲግሪ በመስጠት ከቀደሙት የአሜሪካ ተቋማት አንዱ ነው። መግባት ቻለ እንበል፣ ገንዘቡስ? ሌጎስ የሚኖር ዘመድ ነበረውና ወደዚያ ለመሄድ ቆረጠ። ለመርከቡ ግን የሚከፍለው የለውም። ታዲያ ቲኬት ሳይቆርጥ ከመርከቡ የእሳት ክፍል ሠራተኞች ጋር ተደብቆ ሌጎስ ገባ። ዘመዱ 100 ፓውንድ ሰጠው፤ አንድ የሚያውቁት ባላባት ደግሞ 50 ጨመሩለት። በ1935 እናቱን ተሰናብቶ ተነሣ።

መንገዱ በእንግሊዝ በኩል ነበር። ለንደን ውስጥ የአሜሪካ ቪዛውን እየጠበቀ ሳለ ነው ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረሩን የሚያበስር የጋዜጣ ማስታወቂያ መንገድ ላይ ያየው። በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚናገረው፣ በዚያች ደቂቃ የከተማው ሕዝብ በሙሉ በግሉ ጦርነት ያወጀበት ያህል ተሰማው። አላፊ አግዳሚው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ያልፋል። ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም፤ ቁጭቱ ግን ከኛ አያቶች ቁጭት የሚተናነስ አይመስለኝም።

ሊንከን የደረሰው ትምህርት ከተጀመረ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ኪሱ ውስጥ የቀረው 40 ፓውንድ ብቻ ነበር። ለዓመቱ ክፍያ የማይበቃ መሆኑን ዲኑም አውቀዋል፣ እሱም ያውቃል። ዲኑ በሩን አልዘጉበትም፤ ፈተናውን ካለፈ ይቀጥላል በሚል ውል ተቀበሉት። እንግዲህ አስቡት፣ ሁለት ወር ዘግይተህ ገብተህ፣ በባዕድ አገር ብርድ፣ አንዲት ፈተና ብትወድቅ መመለሻ ቲኬት እንኳ የለህም። አለፈ፣ ጥሩም አድርጎ አለፈ። የነጻ ትምህርት ዕድል ተሰጠውና በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በረዳትነት ተቀጠረ። ሰው መጽሐፍ ሲመልስ እሱ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ በዚያው ያነባል። ከዚያም በምግብ አዳራሹ ያስተናግድና ሳህን ያጥብ ነበር። ክፍል ውስጥ አብሮት የተቀመጠ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑን ይዞ ሲመጣ የሚጠብቀው እሱ ነው ማለት ነው።

ሌላም ገቢ ነበረው፤ ይሄኛው ትንሽ ያከራክራል። የንባብ ሪፖርት የሚከብዳቸው ተማሪዎች መጽሐፉን ይሰጡታል፣ እሱ አንብቦ ማጠቃለያውን ይጽፍላቸውና ለአንዱ 1 ዶላር ያስከፍላል። በኛ ግቢ አሳይመንት አሠርቶ ማስረከብ በምን ዓይን እንደሚታይ ሁላችንም እናውቃለን። ንክሩማህ በሕይወት ታሪኩ ይህን ሲያወራ ግን ብዙም የሚያፍርበት አይመስልም። እኔ በበኩሌ ሥራው ትክክል ነበር አልልም፤ ግን ከከፋዩና ከተከፋዩ መጽሐፉን አንብቦ የወጣው ተከፋዩ ነው።

ከዚህ ይልቅ ከባዱ ክረምቱ ነበር፣ የነሱ ሰመር ማለቴ ነው። ዶርሙ ይዘጋል፣ ካፌው ይዘጋል፣ አገር ቤት መሄድ አይታሰብም። ሥራ ፍለጋ ሃርለም ወረደ። በመጀመሪያ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ገና ሳይነጋ ከጅምላ ገበያ ዓሣ እየገዛ ቀኑን ሙሉ መንገድ ጥግ ቆሞ መቸርቸር ያዘ። ገንዘቡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ዓሣው ደግሞ ቆዳው ላይ ሽፍታ አወጣበት። ሁለት ሳምንት ያህል ሞክሮ ተወው። ቀጥሎ የሳሙና ፋብሪካ ገባ። ሳሙና ሲባል ሽታው ደስ የሚል ነገር ይመስላል አይደል? የሱ ሥራ ግን ሳሙና የሚቀመምበትን የበሰበሰ የእንስሳት ሞራና ሆድ ዕቃ በሹካ እየዛቀ በጋሪ መግፋት ነበር። ማታ ሲወጣ ከድካሙ ይልቅ ሽታው ይከተለዋል። አንድ ሐኪም ጤናህን ትጨርሰዋለህ ብሎ ስላስጠነቀቀው እሱንም ተወ።

ከዚያ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ሾውኒ የምትባለው መርከብ ከኒውዮርክ ወደ ሜክሲኮዋ ቬራክሩዝ ትመላለስ ነበር። አስተናጋጅ ነኝ ብሎ ነው የገባው፣ ግን ጠረጴዛ ማስተናገድ በጭራሽ አያውቅበትም። ወዲያው ተነቃበትና ድስት ማጠብ ላይ ተመደበ፤ ከድስት ወደ ሳህን እያደገ ሄደ። ቢያንስ መርከቧ ላይ ሦስቴ ይበላል፣ አልጋም አለ። እስከ 1939 ድረስ፣ ጦርነቱ እስኪጀመር ማለት ነው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ባሕር ይመለስ ነበር።

የብስ ላይ ሲሆን ግን አልጋም አልነበረውም። ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት የ5 ሳንቲም ቲኬት ከቆረጥክ በከተማው የምድር ውስጥ ባቡር እስክትወርድ ድረስ መሄድ ትችላለህ። ይቺን ያወቀ ሰው ከሃርለም ብሩክሊን፣ ከብሩክሊን ሃርለም እየተመላለሰ እንቅልፉን በየጣቢያው እየሰረቀ ያነጋል። ፊላደልፊያም አንድ ቀን ከጓደኛው ጋር ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ ሲያንቀላፉ ፖሊስ አስነሥቶ አባረራቸው፤ መናፈሻ ገብተው ጋደም ሲሉ ደግሞ ዝናብ መጣባቸው።

እዚህ ላይ ስለራሳችን አንድ ነገር ልበል። በወጪ መጋራት የሚማር የኛ አገር ተማሪ ቅጹን ሞልቶ ይፈርማል፣ ዶርም ይገባል፣ ዕዳውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። የኪስ ገንዘብ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የትራንስፖርት ነገር ያስጨንቃል፤ አያስጨንቅም የሚል ካለ ዶርማችን መጥቶ ይይ። ግን ጭንቀቱ ያለው በወሩ መጨረሻ ላይ ነው። የንክሩማህ ጭንቀት በየማታው ነበር።

በ1939 በኢኮኖሚክስና በሶሲዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪውን ያዘ። ቀጥሎ የተመኘው በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ማጥናት ነበር። ሒሳቡን ሲያሰላው አልደረሰም፤ በቃ ቀረ። በምትኩ ሊንከን በፍልስፍና ረዳት መምህርነት ስለጠራው ተመለሰና እግረ መንገዱን ነገረ መለኮት መማር ጀመረ። የነገረ መለኮት ዲግሪውን በ1942 አገኘ። በዚያው ዓመት ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት፣ በ1943 ደግሞ በፍልስፍና ማስተርሱን ጨመረ። ከሊንከን ፊላደልፊያ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመላለስ ነበር። እሑድ እሑድ በጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ይሰብካል። የአፍሪካ ተማሪዎች ማኅበርንም በፕሬዚዳንትነት መርቷል፤ ማኅበሩ አፍሪካን ኢንተርፕሪተር የሚባል ጋዜጣ ነበረው። ጋዜጠኝነት በክፍል ቢቀርም በማኅበር በኩል አልቀረም ማለት ይቻላል።

ዶክትሬቱን ሲጀምር ገንዘቡ እንደገና አለቀ። ቼስተር በሚገኘው የሰን መርከብ ፋብሪካ ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት በቆጣሪነት ተቀጠረ። ቀን ጥናት፣ ሌሊት በረዶው ላይ ቆሞ መቁጠር። ልብሱ ለዚያ ብርድ የሚሆን አልነበረም። አንድ ሌሊት ተንቀጠቀጠ፣ ጠዋት ሐኪም ቤት ሄደ፣ የሳንባ ምች ነው ተብሎ ተኛ። ለትንሽ ነው የተረፈው። በ1945 አሜሪካን ሲለቅ ዶክትሬቱ አልተጠናቀቀም ነበር።

አሁን የአንድ የሊንከን ጓደኛውን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አኮ አጄይ ይባላል፤ እሱም የጋና ልጅ ነው፣ በአንድ የዶርም ሕንፃ ይኖሩ ነበር። አኮ አጄይ ንክሩማህ የተመኘውን ዕድል አገኘ፤ ኮሎምቢያ ገብቶ በጋዜጠኝነት ማስተርሱን ያዘ። አገሩ ተመልሶ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ለአዲሱ ፓርቲያቸው ጸሐፊ ተፈለገ። ለንደን አንድ ጎበዝ ሰው አለ ብሎ የንክሩማህን ስም የጠቆመው አኮ አጄይ ነው። ፓርቲው 100 ፓውንድ ለመሳፈሪያ ላከለት። ሰውዬው አሁንም በሰው ገንዘብ ነው የሚጓዘው! በ1947 መጨረሻ አገሩ ገባ።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ግድ ነው። በ1948 አክራ ኢቭኒንግ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣ መሠረቱ፣ በ1949 የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ፣ በ1950 ታሰሩ፣ በ1951 እስር ቤት ሆነው ምርጫ አሸነፉ። በዚያው ዓመት ሊንከን ጠርቶ የክብር ዶክትሬት አለበሳቸው፤ ሳህን ባጠቡበት ግቢ ማለት ነው። ማርች 6 ቀን 1957 ጋና ነጻ ወጣች። በ1959 መንግሥታቸው የጋና የጋዜጠኝነት ኢንስቲትዩትን ከፈተ። በ1961 ደግሞ መሠረታዊ ትምህርት ግዴታና ያለ ክፍያ እንዲሆን የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ይህን ሁሉ ሳነብ ከሃርለሙ ዓሣ ሻጭ ጋር ማገናኘት አያቅተኝም።

የማያገናኝልኝ ሌላው ነው። በ1958 ሰውን ያለ ፍርድ እስከ 5 ዓመት ማሰር የሚያስችል ሕግ ወጣ። ተቃዋሚው አሻንቲ ፓዮኒር ጋዜጣ በሳንሱር ሥር ወደቀ። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የከፈተ መንግሥት የጋዜጣን አፍ ሲዘጋ ተመራቂዎቹ ምን እንዲጽፉ ፈልጎ ነው? በ1962 ኩሉንጉጉ በተባለ ቦታ በንክሩማህ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ ከዚያ በኋላ በሤራው ተጠርጥረው ከተያዙት አንዱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት አኮ አጄይ ናቸው። በሜይ 1963 ንክሩማህ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን አንድነት ሲሰብኩ የዶርም ጎረቤታቸው እስር ቤት ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታቸው። ንክሩማህ ግን ዋናውን ዳኛ ከሥልጣን አነሡ፣ ክሱ እንደገና ታየ፣ ሞት ተፈረደ፣ ሞቱ ወደ እስራት ተለወጠ። እኔ እስካሁን ይህን ክፍል አንብቤ የባቡር ውስጥ አዳሩን እንደ በፊቱ ማድነቅ ይከብደኛል፤ አለማድነቅም አልቻልኩም።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1966 ንክሩማህ በውጭ ጉዞ ላይ ሳሉ ወታደሮች መንግሥታቸውን ገለበጡ። አኮ አጄይ ተፈቱና ቤታቸው ገቡ፤ እስከ 2002 ኖረዋል። ንክሩማህ ጊኒ ኮናክሪ ተሰደው፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1972 ለሕክምና በሄዱበት ቡካሬስት አረፉ። አስከሬናቸው መጀመሪያ ጊኒ፣ በጁላይ ደግሞ ወደ ትውልድ መንደራቸው ንክሮፉል ተወስዶ ተቀበረ። በ1935 የሸኘቻቸው እናታቸው ኒያኒባ በሕይወት ነበረች።