ዩልዩስ ኩን፤ በአፈር ውስጥ የተሸሸጉ የሰብል ጠላቶችን የተከታተሉ የእርሻ ሊቅ

ድንች ከማሳ ወጥቶ በውኃ ከታጠበ በኋላም ቢሆን በልጡ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ጥቁር ጠቃጠቆ ብዙ ጊዜ ይታያል። በእጅ ቢታሽ አይለቅም፤ በጥፍር ካልተፋቀም አይነሣም። ይህ ጭቃ የሚመስል ነገር ሪዞክቶንያ ሶላኒ የተባለው ፈንገስ ክፉውን ወራት የሚያሳልፍበት ጠጣር አካሉ ነው። ፈንገሱን በ1858 ገልጠው ስም የሰጡት ጀርመናዊው የእርሻ ሊቅ ዩልዩስ ኩን ሲሆኑ፣ ስማቸው እስከ ዛሬ ድረስ ከፈንገሱ ሳይንሳዊ ስም ጋር አብሮ ይጻፋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩን ኦክቶበር 23 ቀን 1825 በሳክሶኒ፣ ፑልስኒትስ በምትባል ከተማ ተወለዱ። የዕውቀታቸው መነሻ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ማሳ ነበር። ገና በወጣትነታቸው በእርሻ ሥራ ተሰማርተው፣ ከ1848 ጀምሮ በሲሌዥያ አንድ ሰፊ እርሻ በኃላፊነት አስተዳደሩ። በቦን አጠገብ ወደነበረው የፖፕልስዶርፍ የእርሻ ትምህርት ቤት የገቡት በ1855፣ ዕድሜያቸው ወደ ሠላሳ ሲጠጋ ነው። ከዚያም በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ አግኝተው እንደገና ወደ ሲሌዥያ በመመለስ የቀድሞ ሥራቸውን ቀጠሉ። እርሻውን እየመሩ ጎን ለጎን የታመሙ ተክሎችን በማይክሮስኮፕ ይመረምሩ ነበር።

በዚያ ዘመን የተክል በሽታ ምንነት ገና አከራካሪ ነበር። ከ1845 ጀምሮ የድንች ምች አየርላንድን መትቶ፣ በተከተለው ረሃብና በሽታ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ካለቀ በኋላ እንኳ ብዙ ሊቃውንት በሽታውን ያመጣው የአየር ጠባይ ወይም የተክሉ የራሱ ድካም ነው ይሉ ነበር። በእነርሱ አስተያየት ሻጋታው የሞተውን ሊበላ የመጣ እንጂ ገዳዩ አልነበረም። ክርክሩ የቃላት ብቻ አይደለም። በሽታው ከሰማይ የሚወርድ ከሆነ ገበሬው ከመታገሥ በቀር የሚያደርገው የለም፤ ከሕያው ጥገኛ የሚመጣ ከሆነ ግን የጥገኛውን አኗኗር አጥንቶ መንገዱን መዝጋት ይቻላል። ኩን በ1858 በርሊን ላይ ያሳተሙት፣ ስለ ሰብል በሽታዎች መነሻና መከላከያ የሚያስረዳው መጽሐፍ የቆመው ለዚህ ለሁለተኛው ሐሳብ ነበር። ደራሲው በዚያን ጊዜ ፕሮፌሰር ሳይሆኑ የእርሻ አስተዳዳሪ ነበሩ፤ መጽሐፉ ግን ከዘመናዊው የተክል በሽታዎች ትምህርት መሠረቶች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል።

ሪዞክቶንያ ለዚህ አስተሳሰብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፈንገሱ በአፈር ውስጥና በዘር ድንቹ ልጥ ላይ ሆኖ ጊዜውን ይጠብቃል። አፈሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን ቡቃያው ከመሬት ለመውጣት ይዘገያል፤ ፈንገሱም በዚህ ጊዜ ለጋውን ግንድ ከአፈር በታች እያቈሰለ ይቈርጠዋል። የተረፈው ተክል ቢያድግም ምርቱ ይጓደላል። ቅጠሉ ደርቆ ሳለ ድንቹ ሳይነቀል በቈየ ቍጥር ጥቁሩ ጠቃጠቆ በልጡ ላይ ይበረክታል። ስለሆነም መከላከያው ንጹሕ ዘር መምረጥ፣ ቡቃያው ቶሎ እንዲወጣ በጥልቀት አለመትከል፣ ቅጠሉ እንደ ደረቀ ሳይዘገዩ ማንሣትና ሰብልን ማፈራረቅ ነው።

ኩን በ1862 በፕሩሲያ በምትገኘው በሀለ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ፤ በማግስቱ ዓመትም የእርሻ ትምህርት ተቋም በዚያው አቋቋሙ። በዚያ አካባቢ የስኳር ድንች ሳይሆን የስኳር ቀይ ሥር ገበሬውንም ፋብሪካውንም ያበለጸገ ሰብል ነበር። ይሁን እንጂ በአንድ ማሳ ላይ በተደጋጋሚ ሲዘራ ምርቱ ያሽቈለቍል ጀመር። መሬቱ ደከመ፣ ማዕድኑ አለቀ ተባለ፤ ማዳበሪያ ቢጨመርም በቂ መፍትሔ አልተገኘም። ዋናው ምክንያት በሥሩ ላይ የሚጣበቅ ኔማቶድ፣ ማለትም በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ረቂቅ ትል ነበር።

ኩን በ1871 ካርቦን ዳይሰልፋይድ የተባለውን ኬሚካል በአፈር ውስጥ አስገብተው ትሉን ለመግደል ሞከሩ፤ ዘዴው ግን ለገበሬ የሚሆን አልሆነም። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ትሉ አኗኗር መለሱ። ትሉ የሚወድደውን የጎመን ዘር የሆነ ተክል አጠጋግተው ዘሩ፤ ትሉም ወደ ሥሩ ገባ። እንስቶቹ ዕንቍላል ከመጣላቸው በፊት ተክሉ ሲነቀል ወይም ሲታረስ ትሉም አብሮ ይጠፋል። ወጥመድ ሰብል የተባለው ይህ ዘዴ ውጤት ቢያስገኝም ጊዜውን ጠብቆ ካልተሠራ ትሉን ከመቀነስ ይልቅ ያራባ ነበር። ድካሙና ወጪውም ቀላል አልነበረም።

በ1881 ኩን ተመሳሳይ ትል በድንች ሥር ላይ መኖሩን ተመለከቱ። ይህ የድንች ኔማቶድ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ ስም የተሰጠው ግን በ1923፣ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። በ1878 ደግሞ በአንድ ማሳ ላይ አጃ መሰል የሆነውን የራይ ሰብል በየዓመቱ ያለማቋረጥ መዝራት ጀመሩ። እስከ ዛሬ ያልተቋረጠው ይህ ሙከራ፣ አንዳንድ ሰብል መደጋገምን ሊችል እንደሚችል ሲያሳይ፣ የቀይ ሥሩ ታሪክ ደግሞ ሌላው እንደማይችል ያረጋግጣል። ኩን እስከ 1909 ድረስ በሥራቸው ቈይተው ኤፕሪል 14 ቀን 1910 በሀለ በ84 ዓመታቸው አረፉ።

የኩን መጽሐፍ በታተመበት በዚያው በ1858 ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ድንችን ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባ በብዙ ጽሑፎች ተመልክቷል። ድንች ዛሬ በደጋው አገር የብዙ ቤተ ሰብ ምግብና የገቢ ምንጭ ሆኗል። ሆኖም ትልልቁ ድንች ወደ ገበያ ሄዶ ትንንሹ ለዘር ሲቀር፣ ከታመመ ተክል የተገኘውም አብሮ ይቀራል። በተለይም ተክሉን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በዘር ድንችና በአፈር ስለሚተላለፍ፣ ማሳ አንዴ ከተበከለ በቀላሉ አይጠራም። በሽታውን ከነሥሩ የሚነቅል መርጨት የለም። ጤናማ ዘር፣ ገብስንና ስንዴን ከድንች ጋር ማፈራረቅ፣ ወፍ ዘራሹን ድንች መንቀል፣ የታመመውን ተክል ከማሳ ማስወገድና መሣሪያን ማጠብ በአንድነት ሲሠሩ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል። ለዚህም የሙያው ሰው ወደ ማሳው ወርዶ፣ ገበሬው ትንንሹን ድንች ለዘር የሚያስቀርበትን ምክንያት ጭምር ተረድቶ መምከር ይኖርበታል። ከእርሻ አስተዳዳሪነት ተነሥተው ፕሮፌሰር የሆኑት የዩልዩስ ኩን ሕይወትም ይህን ያስተምራል።