የግድግዳና የዓለት ሥዕል አጥኚው ማርሴል ግሪዮል

ጎጃምን ከጎበኙት የውጭ አገር ሊቃውንት መካከል የማርሴል ግሪዮልን ታሪክ ለዚህ የበዓል መጽሔታችን የመረጥነው፣ ሥራው የሚያስመሰግነውም የሚያስወቅሰውም ስለሆነ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

ግሪዮል በ1898 በፈረንሳይ አገር ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በወታደርነት አገለገለ፤ ኋላም በአየር ኃይል ሠራ። ልቡ ግን ወደ ትምህርት ስላዘነበለ በፓሪስ ከፕሮፌሰር ማርሴል ኮሄን ዘንድ አማርኛ ተማረ። በ1928 እና በ1929 ባደረገው ጉዞ፣ በዚያን ጊዜ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ይገዙት ወደነበረው ጎጃም መጣ። ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል በአውቶቡስ የምናልፍበት አገር ያን ጊዜ የበቅሎ መንገድ ነበር። የፎቶግራፍ መሣሪያም ቢሆን ከስንቁ ጋር በጭነት ይጓዝ ነበር።

ግሪዮል የፈለገው የመኳንንቱን ወሬ ብቻ አልነበረም። የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጕሞ በ1930 አሳተመ፤ የልጆችን ጨዋታ መዘገበ። በ1933 ደግሞ በኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን የግድግዳ ላይ ጭረቶችና ሥዕሎች በመጽሐፍ አወጣ። ከእኛ መካከል በልጅነቱ በጎጆ ግድግዳ ላይ በከሰል ፈረሰኛ ሥሎ ያልተቀጣ ማን ነው? እናቶቻችን በጭቃ የሚለስኑበትን ነገር ይህ ሰው ለትምህርት የሚበቃ ሆኖ አገኘው።

በ1931 ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን የሚያቋርጥ ታላቅ ጉዞ መራ። ለወጪው መርጃ በፓሪስ የቦክስ ግጥሚያ ተደርጎ ነበር ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው። ጉዞው በ1933 ሲያበቃ 6,000 ያህል ፎቶግራፍ፣ ከ3,000 በላይ ዕቃና ከ300 በላይ የብራና ጽሑፍ ወደ ፈረንሳይ ገባ።

በዚሁ ጉዞ በዛሬይቱ ማሊ ከሚኖሩት ከዶጎን ሕዝብ ጋር ተዋወቀና እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ወዳጃቸው ሆነ። በዚያ አገር፣ ሶንጎ በሚባል ስፍራ፣ ወንዶች ልጆች በሚገረዙበት ገደል ላይ በቀይ፣ በነጭና በጥቁር ቀለም የተሣሉ ምልክቶች አሉ። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ አውሮፓውያን የአፍሪካን የዓለት ሥዕል ሲያዩ ባለቤቱን ከባሕር ማዶ ይፈልጉ ነበር። እንዲያውም ስመ ጥሩው ሊቅ አባ ብረይ በናሚቢያ ያለውን አንድ ሥዕል የሜድትራኒያን አገር ሴት ናት ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ሥዕሉ የአፍሪካውያን እንደሆነ፣ ሴትም እንዳልሆነች ታወቀ። ግሪዮል ግን ትርጕሙን በሕይወት ያሉትን ባለአገሮች ጠየቀ። በእኛ አስተያየት ትልቁ ሥራው ይህ ነው።

የሚያሳዝነው በ1932 በጎንደር የሆነው ነው። በእኛም አካባቢ በብዙ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት እንደምናየው፣ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ነበሩ። ግሪዮል ሥዕሎቹ እየተበላሹ ነው በማለት ጨርቁን ከግድግዳው አስላጠ፤ በምትኩም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የጉዞው ሠዓሊ ግልባጭ ሠራ። ፎቶግራፍ ማንሻ በእጁ ነበር፤ ግልባጭ የሚሠራ ሠዓሊም ነበረው። ታዲያ ግልባጩ ወደ ፓሪስ ሄዶ ዋናው በጎንደር ቢቀር ምን ነበር? ይህን እርስ በርሳችን ብዙ ተከራክረንበታል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ባይወሰድ ኖሮ ዝናብ ያጠፋው ነበር ይላሉ፤ ሌሎቻችን ጣራውን መክደን ይቀል ነበር እንላለን።

ሆኖም ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ግሪዮል ዝም አላለም። በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ለኢትዮጵያ ተሟገተ። ኋላም በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የኢትኖሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። የአየር ኃይል ልምዱን ይዞ አገርን ከአውሮፕላን በፎቶግራፍ ማጥናትንም አስፋፋ።

በ1956 በፓሪስ ሲሞት ዶጎኖች አስከሬኑ በሌለበት በአገራቸው ሥርዓት ለቅሶ አደረጉለት። የአባ እንጦንስ ሥዕሎች ዛሬም በፓሪስ፣ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።