ሐትሸፕሱት፦ ከስብርባሪ የተገጣጠመች ፈርዖን

በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ የአንበሳ አካልና የሰው ፊት ያለው፣ ከቀይ ግራናይት የተጠረበ ሐውልት አለ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ስብርባሪው አንድ በአንድ ተለቅሞ የተገጣጠመ ነው። ፊቱ የግብፅ ፈርዖን የነበረችው የሐትሸፕሱት ነው።

ሐትሸፕሱት የቀዳማዊ ቱትሞስ ልጅ ነበረች። በቤተ መንግሥቱ ልማድ መሠረት በአባት የሚገናኛትን ወንድሟን ዳግማዊ ቱትሞስን አግብታ ነፍሩሬ የምትባል ልጅ ወለደች። ባሏ ሲሞት ዙፋኑ ከሌላ ሚስቱ ለተወለደው ለሕፃኑ ሣልሳዊ ቱትሞስ ደረሰ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1479 ገደማ መሆኑ ነው። በመጀመሪያ የሕፃኑ ሞግዚት ሆና አገር አስተዳደረች፤ ጥቂት ዓመታት ቆይታ ራሷ ዘውድ ጫነች። የእንጀራ ልጇን ግን አላስወገደችውም። በሐውልቶቿ ላይ እንደ ወንድ ነገሥታት ጢም አስቀርጻለች።

እኛን በዚህ አካባቢ የምንኖረውን ይበልጥ የሚስበን የፑንት ጉዞ ነው። በሉክሶር ትይዩ በዴር ኤል ባሕሪ ባሠራችው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ 5 መርከቦች፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝንጀሮዎች፣ ከነሥራቸው በቅርጫት የተጫኑ የከርቤና የዕጣን ዛፎች ተቀርጸዋል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ፑንትን ከዛሬዎቹ ሱዳን፣ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ጋር ያያይዟታል። ከቡና ጋር የምናጨሰው ዕጣን ያን ጊዜም ባሕር ያሻግር ነበር ማለት ነው!

ከ20 ዓመታት በላይ ገዝታ በ1458 ገደማ አረፈች። ከዚያ በኋላ ስሟ ከግድግዳ ተፋቀ፣ ሐውልቶቿም ተሰባብረው ጉድጓድ ውስጥ ተጣሉ። እኛ መምህራን ይህን የእንጀራ ልጅ ቂም ነው እያልን ስናስተምር ኖረናል፤ ማረም ይገባናል። ፍቀቱ የተካሄደው እሷ ከሞተች 20 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ለቂም ብዙ የዘገየ ይመስለናል። በቅርቡ የወጣ ጥናትም ብዙዎቹ ሐውልቶች የተሰበሩት አንገት፣ ወገብና ጉልበት ላይ መሆኑን አሳይቷል። ይህም የሐውልትን ኃይል ለማርከስ በሌሎች ፈርዖኖች ምስሎችም ላይ ይደረግ የነበረ ሥርዓት ነው። ስሟን ለምን እንደፋቁት ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ስብርባሪዎቹን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው በኸርበርት ዊንሎክ የተመራው የሙዚየሙ ቡድን ነው። አንዳንዶቹ ቁርጥራጮች ከ1840ዎቹ ጀምሮ በርሊን ስለነበሩ የአንዱ ሐውልት አካል በሁለት አህጉር ተከፍሎ ቆይቶ ነበር።

ሐትሸፕሱትን መጀመሪያ ያጋለጠው ግን አንድ ፊደል ነው። በግዕዝ «ንጉሥ» የሚለው «ት» ሲጨመርበት «ንግሥት» እንደሚሆን ተማሪዎቻችን ያውቃሉ። የጥንት ግብፅ ቋንቋም ሴትን የሚለየው በዚያው ድምፅ ነበር። ፋቂዎቹ በስሟ ቦታ የወንድ ነገሥታትን ስም ሲተኩ፣ በየቃላቱ መጨረሻ ያለውን «ት» በብዙ ቦታ ሳይነኩ ትተውት ሄዱ። በ1829 (እ.ኤ.አ.) ሻምፖልዮን በዴር ኤል ባሕሪ ግድግዳ ፊት ቆሞ ጢም ያለው ንጉሥ በሴት አንቀጽ ሲጠራ አነበበና ግራ ተጋባ።