ብራውኒንግና ጎራሾቹ

ብራውኒንግ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሽጉጥ እንጂ ሰው አይደለም። ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ ግን በ1855 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ በዩታ ግዛት፣ በኦግደን ከተማ ከጠመንጃ ሠሪ አባት ተወለደ። ሙያውንም ከአባቱ ሥራ ቤት ቀሰመ።

በ1911 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ሽጉጡ ሰባት ጎራሽ ነበር፤ ጥይቶቹ በካዝናው ውስጥ ባንድ ረድፍ ይደረደራሉ። በኋላ በሊዬዥ አጠገብ ያለው የቤልጂግ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ብዙ ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ ፈለገ። ዲዮዶኔ ሴቭ የተባለው መሐንዲስ ጥይቶቹን በሁለት ረድፍ የሚያሰባጥር ካዝና አበጀ። ብራውኒንግ ሥራው ሳያልቅ በ1926 እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ሞተ። ሴቭ ጨርሶት በ1935 ዐሥራ ሦስት ጎራሹ ወጣ።

ሰባት ጎራሹን ዐሥራ ሦስት ማድረግ ይገባልን? ለወታደር ይበጀዋል የሚሉ አሉ። እኛ የጂንካ ልጆች ግን፣ መሣሪያው ሽጉጥ ባይሆንም፣ በ1987 በኦሞ ዳር የሆነውን እናስባለን። አሮጌ ጠመንጃ የያዙት ሙርሲዎች ክላሽ በያዙ ኛንጋቶሞች ተጠቅተው ብዙ ሰው አለቀ። ጠቡ የቆየ ነበር፤ አዲሱ ነገር የጎራሹ ብዛትና የተኩሱ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ባለሙያ ጎራሽ በጨመረ ቍጥር ሽማግሌ ለዕርቅ የሚደርስበት ጊዜ እንደሚያጥር ይወቅ እንላለን።