አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፤ የኳስ ሜዳው አርበኛ

በዕረፍት ሰዓት ኳስ የማይከተል ተማሪ በትምህርት ቤታችን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ጨዋታ በአገራችንና በአህጉራችን መሠረት ከጣሉት ሰዎች የአንዱን ታሪክ የሚያውቅ ብዙ አይደለም። ስለዚህ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሕይወት ባጭሩ ለአንባብያን ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዜማ ስማቸው የገነነው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅየው ግን ዝናን ያገኙት በእግራቸው ነው። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለተመሠረተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን 23 ዓመት ያህል ተሰልፈው ከ300 በላይ ጎል እንዳገቡ ይነገርላቸዋል።

በወረራው ዘመን ፋሽስቶች ጥቁርንና ነጭን ለያይተው ያኖሩ ነበር። ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የጊዮርጊስ ልጆች ከጣልያን፣ ከግሪክ፣ ከአርመንና ከእንግሊዝ ቡድኖች ጋር በአንድ ሜዳ ለአንድ ዋንጫ ተጋጠሙ። ሰውን በቀለሙ መለየትና በችሎታው መመዘን ምን ያህል እንደሚራራቁ ይህ ትውልድ በዓይኑ አይቷል።

በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ግብጽ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር ለማቋቋም ካርቱም ላይ ሲሰበሰቡ፣ አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ ካልሆነ ቀላቅዬ አላሰልፍም አለች። መሥራቾቹ ይህን አልተቀበሉም፤ አራት ብቻ ሆነው ሳለ አንዷን ማጣት ቢጎዳቸውም፣ ውድድሩን በሦስት አገሮች አካሄዱት።

በጥር ወር 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ የኢትዮጵያ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በፍጻሜው ግብጽ ሁለት ጊዜ ብትመራም ልጆቻቸው ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረጉ፤ በተጨማሪው ሰዓትም 4 ለ 2 አሸነፉ። ዋንጫውን የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። በዚሁ ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እግር ኳስ ማኅበር ተባረረች፤ አፍሪካም በ1974ቱ የዓለም ዋንጫ በሁለት ቡድን ተወከለች።

አቶ ይድነቃቸው በነሐሴ ወር 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ የዘር ልዩነትን ትታ በ1984 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ስትመለስ ለማየት አልታደሉም። በ1988 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሣው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ጥቁርና ነጭ በአንድነት የተሰለፉበት ነበር።

እንግዲህ በቦሌና በአካባቢዋ የምናድግ ተማሪዎች ኳስ ስናነሣ ይህን እናስብ፤ ጎል ማግባት መልካም ነው፤ ጓደኛን በዘሩና በኑሮው ሳይለዩ አብሮ መሰለፍ ግን ከጎል ይበልጣል።