ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገርና የፔላግራ በሽታ

ስለ ቪታሚን በክፍል ስንማር ኤ፥ ቢ፥ ሲ፥ ዲ እያልን ፊደሎቻቸውን በቃላችን እናጠናለን። እነዚህ ፊደሎች ከመገኘታቸው በፊት ግን በየአንዳንዳቸው ጉድለት ብዙ ሕዝብ አልቋል፤ ምክንያቱንም ፍለጋ ሕይወታቸውን ለአደጋ የሰጡ ሐኪሞች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ የሆኑትን የዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገርን ታሪክ ለዚህ መጽሔታችን መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ጎልድበርገር በ1874 ያን ጊዜ በኦስትሪያ ሐንጋሪ መንግሥት ሥር በነበረች፥ ዛሬ ግን በስሎቫኪያ በምትገኝ መንደር ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸው ወደ አሜሪካ ተሰደው በኒው ዮርክ ከተማ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። መጀመሪያ የምሕንድስና ትምህርት ጀምረው ነበር፤ ኋላ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው ሕክምና ተማሩና በ1895 ተመረቁ። በ1899 በመንግሥት የሕክምና አገልግሎት ተቀጥረው፥ ተላላፊ በሽታ በተነሣበት ስፍራ ሁሉ እየተላኩ ይሠሩ ጀመር። በዚህም ሥራ ላይ ሳሉ ቢጫ ወባም ተስቦም ይዟቸው ከሞት ተርፈዋል። እንግዲህ ስለ ተላላፊ በሽታ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ እንዳልነበረ አንባቢ ልብ ይሏል።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ፔላግራ የሚባል በሽታ ድኻውን ሕዝብ ይፈጅ ነበር። ቃሉ የኢጣልያንኛ ሲሆን ሻካራ ቆዳ ማለት ነው። በሽታው ፀሐይ የሚያገኘውን የእጅ፥ የፊትና የአንገት ቆዳ ያቀላል፥ ያሻክራል፥ ይልጣል፤ ቀጥሎ ሆድ ያስቀምጣል፤ ሲብስም አእምሮ ያናውጥና ይገድላል። አብዛኞቹ ሐኪሞች ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር ሕዝቡ በሽተኛውን ይሸሸው ነበር። በ1914 መንግሥት የዚህን በሽታ ምርመራ ለዶክተር ጎልድበርገር ሰጣቸው።

ዶክተሩ ወደ ደቡብ ወርደው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችንና የሙት ልጆች ማሳደጊያዎችን ጎበኙ። ሌሎች ሐኪሞች የታመሙትን ሲመረምሩ እሳቸው ዓይናቸውን ያልታመሙት ላይ ጣሉ። በሽተኞቹን ቀን ከሌት የሚያስታምሙት ነርሶችና ዘበኞች በፔላግራ አይያዙም። ተላላፊ ከሆነ እነዚህን እንዴት ማራቸው? በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር በጃክሰን ከተማ በነበረው ማሳደጊያ ደግሞ ሌላ ነገር አዩ፤ በሽታው የሚበረታው ከ6 እስከ 12 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ነው። ዶክተሩ ወደ ወጥ ቤቱና ወደ ገበታው ሄዱ። ሕፃናቱ ወተት ይሰጣቸዋል፤ ትልልቆቹ ስለሚሠሩ ሥጋ ይደርሳቸዋል፤ የመካከለኞቹ ምግብ ግን በአብዛኛው የበቆሎ ዱቄትና የሸንኮራ ሽሮፕ ነበር። ነርሶቹም ቢሆኑ ከበሽተኞቹ የተሻለ ገበታ ነበራቸው። ስለዚህ ወተት፥ እንቁላል፥ ሥጋና ጥራጥሬ ለልጆቹ ሁሉ እንዲሰጥ አደረጉ፤ በሽታውም ከማሳደጊያው ከሞላ ጎደል ጠፋ።

ተቃዋሚዎቻቸው ግን በዚህ አልረኩም። በ1915 የሚሲሲፒው አገረ ገዢ በፈቃዳቸው ለምርመራ ለሚገቡ እስረኞች ምሕረት ሊሰጥ ቃል ገባ። ጤነኞች የሆኑ እስረኞች ስድስት ወር ያህል በበቆሎ፥ በነጭ ዱቄት፥ በሩዝ፥ በስኳርና በመሳሰለው ብቻ ተቀለቡ፤ እስከ መጨረሻው ከቆዩት 11 ሰዎች 6ቱ በፔላግራ ታመሙ። አገረ ገዢውም ቃሉን ጠብቆ ፈታቸው። የዛሬ የሕክምና ደንብ እንዲህ ያለውን ምርመራ አይፈቅድም፤ እኛም ብንሆን ነፃነት የናፈቀው እስረኛ በፈቃዱ ገባ ለማለት ይከብደናል።

ምግቡ ምክንያት እንደ ሆነ በዚህ ቢታይም፥ በሽታው አይተላለፍም የሚለው ገና ማስረጃ ይፈልግ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ከምሳ በፊት ማንበብ ደግ አይደለም። በ1916 ዶክተር ጎልድበርገርና ረዳታቸው ዶክተር ዊለር ከበሽተኛ የተቀዳ ደም አንዱ ሌላውን በመርፌ ወጉ። ከበሽተኞች አፍንጫና ጉሮሮ የተወሰደውን ፈሳሽ ራሳቸውን ቀቡ። ከቆዳቸው የተላጠውን ቅርፊትና ዓይነ ምድራቸውን ሳይቀር በዱቄት ለውሰው እንደ ኪኒን ዋጡት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሜሪም ባላቸው የሚያምኑበትን እሳቸውም አምነው የበሽተኛ ደም ተወጉ። ባልም ሚስትም ተሳስተው ቢሆን ኖሮ በቤት የነበሩት ልጆቻቸው ያለ ወላጅ ሊቀሩ ይችሉ ነበር። በእንዲህ ያለው ምርመራ በጠቅላላው 16 ሰዎች ገብተው አንድ እንኳ በፔላግራ የታመመ አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ ሕዝቡ ለምን እንዲህ ይመገባል የሚለው ነበር። ሲደንስትሪከር ከሚባሉ የኢኮኖሚ ሊቅ ጋር ሆነው በደቡብ ካሮላይና በሚገኙ በሰባት የጥጥ ፋብሪካ መንደሮች የእያንዳንዱን ቤተ ሰብ ገቢና ቀለብ መዘገቡ። ገቢው ዝቅ ባለ ቁጥር በሽታው ይበዛል። ገበሬው መሬቱን ሁሉ ጥጥ ስለሚዘራበት ለጓሮ አትክልትና ለላም ስፍራ አይተርፍም፤ ላም የሌለው ቤት ደግሞ ወተት የለውም። በ1921 የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ዶክተሩ በሽታው እንደሚበረታ አስጠነቀቁ። ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ እርዳታ እንዲሰጥ ቢጠይቁም፥ ብዙ የደቡብ ሹማምንት አገራችን ተራበ ተብሎ ስማችን ጠፋ ብለው ተቆጡ። ከጀርም ይልቅ ድኽነትን መክሰስ የሚያስቀይም ነገር እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

ዶክተር ጎልድበርገር ግን ሥራቸውን አልተዉም። ውሾችን ድኻው በሚበላው ዓይነት ቀለብ ሲያኖሯቸው ምላስ የሚያጠቁር ተመሳሳይ በሽታ ያዛቸው፤ በእነዚህ ውሾችም ላይ ብዙ ምግብ ፈተኑ። በመጨረሻ ርካሽ የሆነው የቢራ እርሾ በሽታውን እንደሚያድን ተገኘ። በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ብዙ አገር ባጥለቀለቀ ጊዜ ቀይ መስቀል ይህንኑ እርሾ ለተጎዱት አደለ። ዶክተሩ በእርሾው ውስጥ ያለው ፈዋሽ ነገር ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ በ1929 በካንሰር ሞቱ። በዚያው ዓመት ስለ ቪታሚን ምርምር የኖቤል ሽልማት ለኤይክማንና ለሆፕኪንስ ተሰጠ፤ እሳቸው ግን ሽልማቱን በሕይወታቸው ሳያገኙ ቀሩ።

በ1937 ኮንራድ ኤልቨየም የተባሉ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ፥ ኒኮቲኒክ አሲድ የውሾቹን በሽታ እንደሚያድን አረጋገጡ። ይህም ዛሬ ናያሲን ወይም ቪታሚን ቢ 3 የምንለው ነው። በበቆሎ ውስጥ ናያሲን የለም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ ሰውነታችን በቀላሉ አይጠቀምበትም። የሜክሲኮ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በቆሎውን በኖራ ውሃ ስለሚቀቅለው ናያሲኑ ይለቀቃል። ወተትና እንቁላል ደግሞ ራሳቸው ብዙ ናያሲን ሳይኖራቸው፥ ሰውነታችን ናያሲን የሚሠራበትን ትሪፕቶፋን ይሰጡናል። የጃክሰን ልጆችን ያዳነው ይኸው ነበር።

በ1940ዎቹ ናያሲን በዱቄት ውስጥ እየተጨመረ ሲሸጥ፥ ኑሮም ሲሻሻል፥ ፔላግራ ከአሜሪካ ደቡብ ጠፋ። ከዓለም ግን አልጠፋም። በ1990 በማላዊ ተጠልለው በነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች ዘንድ፥ ከበቆሎው ጋር ይታደል የነበረው ኦቾሎኒ በመቋረጡ ከ18,000 በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ ታመዋል።